ያቺ ጥይት የማን ነበረች?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1970፣ ማድሪድ። ሌሊቱ ገፍቷል፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ በጎዳናው ላይ ወፍ ዝር አይልም። በአንድ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ውስጥ ኢሳቤል የምትባል ልጅ እግር ሴት ምጥ አጣድፏታል። ራዲዮው በዚያው ሰዓት የመንግሥትን አዋጅ ያሰማል፦ በመላው ስፔን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታውጇል፤ የመናገርና የመሰብሰብ መብት ታግዷል። የቤቱ እመቤት ዶኛ ሴንትሮ ልጅቷን ደግፋ ወደ ውጭ ታወጣታለች። ታክሲ የለም፤ ሰው የለም። ሥራ ጨርሶ ወደ ማደሪያው የሚከንፍ አንድ ባዶ የከተማ አውቶቡስ ሲመጣ ሴትዮዋ በግድ ታስቆመዋለች። ሹፌሩ ቢነጫነጭም ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ልጁ እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ይወለዳል። መቀስ የለምና እትብቱን ዶኛ ሴንትሮ በጥርሷ ትቆርጠዋለች። ከዚያ ጨቅላውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ጭር ያለችውን ማድሪድ ታሳየዋለች።

ስሙም ቪክቶር ተባለ። ወዲያው ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጥና በዚያ ዘመን በየሲኒማ ቤቱ ከፊልም በፊት ይታይ የነበረውን የመንግሥት ዜና መስሎ ይቀርባል። ሹማምንቱ አራሷን ከበው ፈገግ ይላሉ፤ በአውቶቡስ ለተወለደው ዜጋ ዕድሜ ልኩን በከተማዋ አውቶቡሶች በነፃ የሚሳፈርበት ካርድ ያበረክቱለታል። አገሩ ለዚህ ልጅ የሰጠችው ስጦታ ይኸው ነው። መብቱን ገና ሳይወለድ አግደው ሲያበቁ ትራንስፖርቱን ቻሉለት።

የፔድሮ አልሞዶቫር 12ኛው ፊልም «ካርኔ ትሬሙላ» (የሚንቀጠቀጥ ሥጋ) የሚጀምረው እንዲህ ነው። ለእይታ የበቃው በ1997 ሲሆን፣ ከዚህ መክፈቻ በኋላ የሚከተለው የምኞት፣ የቅናትና የበቀል ታሪክ ነው። አምስት ሰዎች በአንዲት ጥይት ተሳስረው ሲጎተቱ እናያለን። በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡትን የቱርክ ድራማዎች ሲከታተል የኖረ ተመልካች ብዙው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። የምትደበድብ እጅ አለች፣ የተደበቀ ፍቅር አለ፣ በመቃብር ሥፍራ የሚገናኙ ባላንጣዎች አሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በራዲዮ ሰምቶ በሩን የቆለፈ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ትዕይንት ለመረዳት አስረጂ አያሻውም። ግን ያ አዋጅ በአንድ የፍቅርና የበቀል ፊልም መግቢያ ላይ ምን አገባው? ፊልሙን ከሌሎቹ የዘርፉ ሥራዎች የሚለየው የዚህ ጥያቄ መልስ ይመስለኛል።

አዋጁ የፈጠራ ሥራ አይደለም። የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት በጥር 1969 ኤንሪኬ ሩአኖ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፖሊስ እጅ እያለ ከሞተ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ ሳቢያ መላውን አገር በእንዲህ ያለ አዋጅ ሥር አስገብቷል። ውሳኔውን ለሕዝብ የገለጸው የማስታወቂያና የቱሪዝም ሚኒስትሩ ማኑኤል ፍራጋ ነው። አልሞዶቫር ቀኑን በአንድ ዓመት ገፋ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ፊልሙ የወጣበት ጊዜ ነው። በ1997 ስፔንን ይገዛ የነበረው ሕዝባዊ ፓርቲ መሥራቹ ይኸው ፍራጋ ነበር፤ ሰውየው ራሱም በዚያን ጊዜ የጋሊሲያ ክልል ፕሬዚዳንት ነበር። በሲኒማ አዳራሹ አዋጁን እየሰማ የሚያስታውስ የማድሪድ ነዋሪ፣ የአዋጁን ተናጋሪ ወጥቶ በማታው ዜና ያገኘው ነበር።

አልሞዶቫር ያንን ዘመን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። በ1949 ላ ማንቻ ውስጥ ካልሳዳ ዴ ካላትራቫ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ፊልም ሊማር ማድሪድ ገባ። የመንግሥቱ የፊልም ትምህርት ቤት ግን ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እሱም በስልክ ኩባንያው በቴሌፎኒካ ተቀጥሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል የቢሮ ሥራ ሠራ፤ በደመወዙ ሱፐር ስምንት ካሜራ ገዝቶ ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ አጫጭር ፊልሞችን ቀረጸ። ፍራንኮ በኅዳር 1975 ሲሞት ማድሪድ የታፈነ ትንፋሿን ለቀቀች። ሞቪዳ በሚባለው የሙዚቃ፣ የሥዕልና የጭፈራ ዘመን መሐል የቴሌፎኒካው ጸሐፊ ዋነኛ ተዋናይ ሆነ። የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙ በ1980 ወጣ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከወንድሙ ከአጉስቲን ጋር ኤል ዴሴዎ የተባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ፊልሞቹ ውስጥ ፍራንኮ የለም። ስሙ አይነሣም፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ አይታይም። ዳይሬክተሩ ይህ አውቆ ያደረገው መሆኑን በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግሯል፤ ሰውየው ጨርሶ እንዳልነበረ አድርጎ መሥራት የእሱ በቀል ነበር። ብዙ ሰው ጠላቱን የሚበቀለው ስሙን እያነሣ ነው፤ አልሞዶቫር ግን ስሙን በመንሣት ነበር የተበቀለው። ስለዚህ በ1997 ራዲዮው ሲከፈትና የዚያ መንግሥት ድምፅ ሲሰማ፣ የዳይሬክተሩን ሥራዎች ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስለ በቀል በሚያወራ ፊልም ውስጥ የራሱን የቆየ በቀል እየተወ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጥይቷ እንምጣ።

ሃያ ዓመት አልፏል። በአውቶቡስ የተወለደው ቪክቶር (ሊቤርቶ ራባል) ጎረምሳ ሆኗል። ከሳምንት በፊት በአንድ የምሽት ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቃትን ሴት ፍለጋ ይሄዳል። ኤሌና (ፍራንቼስካ ኔሪ) የጣሊያን ዲፕሎማት ልጅ ናት፤ በዕፅ ተይዛለች፤ ያን ምሽት የምትጠብቀው ዕፅ አቀባዩን እንጂ እሱን አይደለም። ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አታስታውሰውም። ውጣ ትለዋለች፣ አልወጣም ይላል፣ ሽጉጥ ታወጣበታለች፣ ይታገላሉ፣ አንዲት ጥይት ባርቃ ትጮኻለች። ማንንም አልነካችም። ድምፁ ተሰምቶ ግን በአካባቢው ሲዘዋወሩ የነበሩ ሁለት ፖሊሶች ይመጣሉ።

ሁለቱን ፖሊሶች ፊልሙ ቀደም ብሎ በመኪናቸው ውስጥ አሳይቶናል። ትልቁ ሳንቾ (ሆሴ ሳንቾ) ተረኛ ሆኖ ውስኪ ይጠጣል፤ ሚስቱ ክላራ ከሌላ ሰው ጋር እንደምትሄድ ጠርጥሮ በግኗል። ወጣቱ ዴቪድ (ሃቪየር ባርዴም) መጠጡን እንዲያቆም ይለምነዋል። ይህ ጭውውት ተራ የፖሊስ ወሬ ይመስላል። ተመልካቹ ትርጉሙ የሚገባው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ የፊልሙ ልብ ግን እዚያ ነው። ቪክቶር ደንግጦ ኤሌናን ይዟታል፤ ሳንቾ ሰክሮ ሽጉጡን ደግኗል። መሐል ላይ ዴቪድ ቆሞ ሁለቱንም ለማብረድ ይሞክራል። ቀስ ብሎ ይሳካለታል፤ ቪክቶር ሴትዮዋን ይለቃታል። ኤሌና ወደ በሩ ስታልፍ ከዴቪድ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ካሜራው በዚህ እይታ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል፤ ሁለቱ እዚያው፣ በተደገነ ሽጉጥ መካከል ተፈላልገዋል። ነገሩ አለቀ ስንል ሳንቾ ቪክቶር ላይ ይወረወራል። ሁለቱ አንዲት ሽጉጥ ላይ ይተናነቃሉ። ጥይት ትተኮሳለች። ዴቪድ ይወድቃል።

በዚህ ሁሉ መሐል የኤሌና ቴሌቪዥን አልጠፋም። የሚታየው ሉዊስ ቡኙኤል በስደት ሜክሲኮ ሳለ በ1955 የሠራው «ኤንሳዮ ዴ ኡን ክሪሜን» ነው። የዚያ ፊልም ጀግና በልጅነቱ አሳዳጊው በመስኮት በገባች የባዘነች ጥይት ስትሞት አይቶ፣ «እኔ ተመኝቼ ነው የሞተችው» ብሎ አምኖ ያደገ ሰው ነው። ካደገም በኋላ ሊገድላቸው የሚነሣቸው ሴቶች እሱ እጁን ሳያነሣ በሌላ ምክንያት ይሞታሉ፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ጥፋተኛ ነኝ ቢልም የሚያስረው አያገኝም። ቪክቶር የዚህ ሰው ተቃራኒ ነው፤ አልተኮሰም፣ አልተመኘም፣ ግን ታሰረ። በቡኙኤል ፊልም የአሻንጉሊት ሴት እግር ተነቅሎ ሲወድቅ የምናይበት ቅጽበትም አለ። ዴቪድ ከዚያች ምሽት በኋላ በእግሩ አይቆምም። አልሞዶቫር ጌታውን የሚያመሰግነው እንዲህ ነው። ለጌጥ ያስቀመጠው ጥቅስ ሳይሆን የታሪኩን ካርታ አስቀድሞ በቴሌቪዥኑ ላይ ይዘረጋልናል።

ታሪኩ መነሻ ያደረገው እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሩት ሬንዴል በ1986 ያሳተመችውን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ግን ፊልሙ ላይ ብዙ አያገኘውም። በሬንዴል ለንደን ቪክቶር ሴት ደፋሪ ነው፤ ፖሊሱን የመታውም እሱ ነው፤ ደራሲዋ የምትመረምረው ራሱን ተበዳይ አድርጎ የሚያይ በዳይ አእምሮን ነው። አልሞዶቫር የወሰደው በጥይት ሽባ የሆነ ፖሊስና ከእስር የሚወጣ ወጣትን ብቻ ነው። ጥፋቱን ከወጣቱ ላይ አንሥቶ ለሌሎቹ አከፋፈለው። መጽሐፉን አበላሸ የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን ጥፋት ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ አምስት ሰው መሐል ሲንከባለል ሜሎድራማ የሚባለው የፊልም ዓይነት ከተራ የፖሊስ ታሪክ የበለጠ ጉልበት እንደሚያገኝ በዚህ ፊልም ነው ያየሁት።

በ1992 ቪክቶር እስር ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ያያል። የባርሴሎና ፓራሊምፒክ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ የአገሪቱ ጀግና የሆነው ዴቪድ ነው። ከተመልካቹ መሐል የምታጨበጭበው ሚስቱ ደግሞ ኤሌና። ዕፁን ትታለች፤ አምሮባታል። ቪክቶር ቂሙን የሚቋጥረው በዚች ቅጽበት ነው። ያሰረው ሰው ዝናውንም ሴቲቱንም ወስዷል።

በእስር ቤት ግን ሥራ አልፈታም። በተልእኮ መምህርነት ይማራል፤ ስፖርት ይሠራል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይደግማል፣ በተለይ የኦሪት ዘዳግምን እርግማኖች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ይህን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ እናቱ በካንሰር ሞታለች፤ ጥቂት ገንዘብና ሊፈርስ በተወሰነ ሰፈር ያለ አንድ ደሳሳ ቤት ትታለታለች። መቃብሯን ሊጎበኝ በሄደበት ቀን የኤሌና አባት እየተቀበረ ነው። ሄዶ «ነፍስ ይማር» ይላታል። ሴትዮዋ ክው ትላለች። ከመቃብሩ ሳይወጣም፣ ለቀብሩ ዘግይታ ከደረሰች አንዲት ሴት ጋር ይተዋወቃል። ሴቲቱ ክላራ ናት፤ የሳንቾ ሚስት።

እንዲህ ያለ አጋጣሚ በሌላ ፊልም ውስጥ ቢሆን እናፌዝበት ነበር። ሜሎድራማ ግን የሚኖረው በአጋጣሚ ነው፤ ሰዎቹ መገናኘት ስላለባቸው ይገናኛሉ፤ የደራሲው ጭንቀት «እንዴት ሊሆን ይችላል» የሚለው ሳይሆን «ከተገናኙ ወዲያ ምን ይሆናሉ» የሚለው ነው። አልሞዶቫር ይህን ከሆሊውዱ ከዳግላስ ሰርክ፣ ከላቲን አሜሪካ ተከታታይ ድራማዎችና ከቦሌሮ ዘፈኖች ተምሮታል። በፊልሙ የቻቬላ ቫርጋስ ሻካራ ድምፅ ሲመጣ፣ ሰዎቹ በቃላት የማይናዘዙትን ዘፈኑ ይናዘዝላቸዋል። የቀረውን የአልቤርቶ ኢግሌሲያስ ሙዚቃ ይይዘዋል።

የቪክቶር የበቀል ዕቅድ በጣም እንግዳ ነው። ሊገድል አላሰበም። ኤሌና በዚያች በመጀመሪያዋ ምሽት ልምድ እንደሌለው አይታ ንቃዋለች። እሱ ደግሞ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው አፍቃሪ ሆኖ አንዲት ሌሊት ብቻ አብሯት ሊያሳልፍና ጥሏት ሊሄድ አስቧል። ለዚህም መምህር ያስፈልገዋል። መምህሯ ክላራ ትሆናለች። አንሄላ ሞሊና የምትጫወታት ይህች ሴት በባሏ እየተደበደበች የምትኖር፣ ዕድሜዋ እየገፋ ያለች፣ ምንም ነገር በነፃ ያልተሰጣት ሰው ናት። ቪክቶርን ስታስተምር ትወደዋለች፤ እሱ ግን ልቡ ሌላ ጋ ነው። ፊልሙን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሚያሳዝነኝ ዴቪድ ወይም ቪክቶር ሳይሆን ይህች ሴት ናት። ሁሉም ሰው በእሷ በኩል ያልፋል፤ ማንም እሷ ጋ አይደርስም።

የክላራና የቪክቶር ትምህርት የሚካሄድበት ደሳሳ ቤት በማድሪድ ሰሜን በላ ቬንቲያ ሰፈር ነው። ቤቶቹ እየፈረሱ ነው፤ ግድግዳው ቦምብ የወደቀበት ይመስላል። ከኋላው ደግሞ ሁለት የመስታወት ሕንፃዎች 15 ዲግሪ ዘመም ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። የአውሮፓ በር የሚባሉት፣ የማድሪድ ሰው ግን በኩዌት ባለ ገንዘቦቻቸው ስም የኪዮ ማማዎች የሚላቸው ናቸው። ግንባታው በገንዘብ ቅሌት ተቋርጦ ቆይቶ በ1996 ነው ያለቀው። ስፔን አውሮፓዊት ሆናለች፤ በ1992 ብቻ ኦሊምፒክም የዓለም ኤክስፖም አዘጋጅታለች። የሴተኛ አዳሪዋ ልጅ ግን ከማማዎቹ ጥላ ሥር በፍርስራሽ ውስጥ ይኖራል። ፊልሙ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አይናገርም። ብራዚላዊው የካሜራ ባለሙያ አፎንሶ ቤያቶ ሁለቱን በአንድ ምስል ውስጥ ካስገባቸው ወዲያ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቪክቶር ኤሌና በምትረዳውና በምትሠራበት የሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃደኝነት ይቀጠራል። ልጆቹ ይወዱታል። ዴቪድ ይህን ሲሰማ በተሽከርካሪ ወንበሩ ቪክቶር ቤት ድረስ ይመጣል። ቀጥሎ የሚሆነውን ሌላ ዳይሬክተር አይሠራውም። ዴቪድ ከወንበሩ ሳይነሣ ክንዱ በደረሰበት፣ ወንድ ልጅ በሚያመው ቦታ ቪክቶርን በቡጢ ይመታዋል። ቪክቶር መሬት ላይ ተጠቅልሎ ያቃስታል። በዚህ መሐል ቴሌቪዥኑ ላይ ጎል ይገባል። ሁለቱም ባንዴ ጠባቸውን ረስተው ወደ ስክሪኑ ዞረው ይጮኻሉ። ለሁለት ሰከንድ ያህል የአንድ ቡድን ደጋፊዎች ብቻ ናቸው። ወዲያው ያስታውሱና ጠባቸውን ይቀጥላሉ።

እውነቱ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቪክቶር ያቺን ምሽት ለዴቪድ በድርጊት እያሳየ ይተርክለታል። ሽጉጡ በእጁ ነበር፤ ጣቱም ምላጩ ላይ ነበር፤ ጣቱን የተጫነው ግን ሳንቾ ነው። ሳንቾ ያነጣጠረው ደግሞ ዴቪድ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በመኪናው ውስጥ ሲማረርበት የነበረው የሚስቱ ውሽማ ዴቪድ ራሱ ነበርና። ዴቪድ ይህን አላወቀም ማለት አይቻልም፤ ማወቅ አልፈለገም። ቆይቶ ለኤሌና ይናዘዛል።

እንግዲህ ጥይቷ የማን ናት? ሽጉጡን ያወጣችው ኤሌና ናት። የያዘው ቪክቶር ነው። የተጫነው ሳንቾ ነው። ያስጫነው የዴቪድ ክህደት ነው። ክላራ በክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ግን ሁሉም በእሷ የተነሣ ነው ይሉ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ከሚደበድባት ባል ሸሽታ የፍቅር ጭላንጭል ፈለገች እንጂ ሌላ አላደረገችም። አንዱ ብቻ የእስሩን ዕዳ ከፈለ፤ እሱም ከሁሉ ያነሰ ጥፋት የነበረበት ነው። ኤሌና ዴቪድን ያገባችው ከፍቅርም ከጸጸትም ነበር፤ ስለ እሷ ሽባ የሆነ ሰው ነው ብላ። ጸጸቷ አድራሻውን መሳቱን ስታውቅ፣ የምትክሰው ሌላ ሰው ታያለች። ወደ ቪክቶር ሄዳ አንዲት ሌሊት ትሰጠዋለች፤ በማግስቱ ለዘላለም እንዲጠፋላት። የበቀል ዕቅዱ ቃል በቃል ተፈጸመ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጥሎ ለመሄድ የተነሣው ሰው አሁን መሄድ አለመፈለጉ ነው።

የመጨረሻውን በቀል የሚወስደው ዴቪድ ነው። ቪክቶርና ክላራ ሲገናኙ በድብቅ ፎቶ አንሥቷቸው ነበር፤ ፎቶዎቹን ወስዶ ለሳንቾ ይሰጣል። በወንበር ላይ ያለ ሰው በሌላው እጅ ሽጉጥ ይተኩሳል፤ ሳንቾ በቪክቶር ጣት እንዳደረገው ማለት ነው። ክላራም ሳንቾም በዚያ ደሳሳ ቤት ውስጥ በጥይት ይሞታሉ። ሆሴ ሳንቾ በዚህ ሚናው የስፔንን ታላቅ የፊልም ሽልማት ጎያን በረዳት ተዋናይነት አግኝቷል፤ ይገባዋል፤ ጨካኙን ባል አስፈሪ ብቻ ሳይሆን የሚያለቅስ ሰው አድርጎት ነበርና። ክላራን ግን ፊልሙ ራሱ ቶሎ ይረሳታል፤ ደራሲው ለወጣቶቹ ጥንዶች መንገድ ለመጥረግ ያጠፋት ይመስላል። በዚህ ቅር ይለኛል።

የተዋናዮቹን ነገር በአጭሩ ላንሣ። እትብቱን በጥርሷ የምትቆርጠው ዶኛ ሴንትሮ፣ ማለት ፒላር ባርዴም፣ የሃቪየር ባርዴም ወላጅ እናት ናት። ምጥ የያዛት ኢሳቤል ደግሞ ያኔ ገና ወጣት የነበረችው ፔኔሎፔ ክሩዝ ናት፤ ከደቂቃዎች በኋላ ከፊልሙ ትጠፋለች። በዚህ ፊልም በአንድ ትዕይንት ያልተገናኙት ክሩዝና ሃቪየር በ2010 ተጋቡ። ሊቤርቶ ራባል የቡኙኤል ተዋናይ የነበረው የፍራንሲስኮ ራባል የልጅ ልጅ ነው፤ አንሄላ ሞሊናም በቡኙኤል የመጨረሻ ፊልም ላይ ተውናለች። አልሞዶቫር ያለፈውን ዘመን አለመጥራቱን የተወው በራዲዮው ብቻ አልነበረም፤ ተዋናይ ሲመርጥም ነው።

ፊልሙ የሚያልቀው በገና ሰሞን ነው። ከማያሚ በመጣ ደብዳቤ ዴቪድ ይቅርታ ይጠይቃል። ኤሌና ምጥ ይዟት ቪክቶር በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዳት መንገዱ ተዘግቷል፤ ጎዳናው በገበያተኛ ተጨናንቋል። ቪክቶር ሆዷ ላይ ጎንበስ ብሎ ያልተወለደውን ልጅ ያናግራል። እሱ ሲወለድ ጎዳናው ባዶ እንደነበረ፣ ሰው ሁሉ ፈርቶ ቤቱ እንደተከተተ፣ አሁን ግን በስፔን ፍርሃት ከቀረ እንደቆየ ይነግረዋል። በፊልሙ መክፈቻ የሰማነው አዋጅ ሥራው ይህ ነበር። የአምስቱ ሰዎች ቂም የሚፈታው የአገሩ ፍርሃት በተፈታበት ልክ ነው።

ፍርሃቱ እውነት ቀርቶ ነበር? ጎዳናው ላይ አዎ። ስፔን በ1977 የምሕረት ሕግ አውጥታ የፖለቲካ እስረኞችን ስትፈታ፣ በፍራንኮ ዘመን የተፈጸመውን ግፍም ከክስ ነፃ አድርጋለች። ያለፈውን ሆድ ይፍጀው ተባለ። በእርስ በርስ ጦርነቱና ከዚያ በኋላ ተገድለው በየመንገዱ ዳርና በየመስኩ በጅምላ የተቀበሩት ከ100 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ፊልሙ ሲወጣ አብዛኞቹ ዘመዶቻቸው አጥንታቸውን አላገኙም ነበር። በሕግ ደረጃ ጉዳዩ መታየት የጀመረው በ2007 የታሪክ ትውስታ ሕግ ነው፤ ፍራንኮ ራሱ ከታላቁ መካነ መቃብሩ የወጣው በጥቅምት 2019። ፊልሙ ውስጥ ሁሉም ለሁሉም ሲናዘዝ፣ አገሩ ገና አልተናዘዘም ነበር። ቪክቶር ፍርሃት ቀረ ሲል ልክ ነው፤ ግን ያ ፍርሃት የቀረው በምን ዋጋ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው በመኪናው ውስጥ የለም።

አልሞዶቫር ጥያቄውን ራሱ ጠየቀው። በ2018 የወጣውንና የፍራንኮ ዘመን ሰለባዎች ፍትሕ ፍለጋ የተነሡበትን «የሌሎች ዝምታ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ደገፈ። በ2021 ደግሞ «ማድሬስ ፓራሌላስ» (ትይዩ እናቶች) በተባለው ፊልሙ የቬኒስ ፌስቲቫልን ከፈተ። የዚህኛውም ዋና ተዋናይ ፔኔሎፔ ክሩዝ ናት፤ በዚያው ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ወስዳለች። በዚህኛውም ታምጣለች፤ ግን በአውቶቡስ አይደለም፣ በንጹሕ ሆስፒታል ነው። ጃኒስ የተባለችው ገጸ ባሕርይዋ በጦርነቱ ጊዜ ተገድሎ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለውን ቅድመ አያቷን አስቆፍራ ለማውጣት ትታገላለች። እንደ ፊልም ካየነው «ካርኔ ትሬሙላ» የተሻለ የተገመደ ነው፤ ሁለተኛው የሕፃናት መለዋወጥንና የጅምላ መቃብርን ለማገናኘት ሲጥር መጋጠሚያው ይታያል። እኔ ግን መጋጠሚያው መታየቱን አልጠላሁትም።

በዚያ ፊልም ከጃኒስ ጋር በአንድ ክፍል የወለደች አና የተባለች ልጅ አለች። በ2016 ገና አሥራዎቹን አልጨረሰችም፤ ከቪክቶርና ከኤሌና ልጅ ጋር በዕድሜ ብዙ አትራራቅም። ስለ ጉድጓዶቹ ሲነሣ አባቷ የነገሯትን ትደግማለች፤ ያለፈውን መቆፈር ቁስል መቀስቀስ ነው ትላለች። ጃኒስ ትቆጣለች፤ የምትኖርበትን አገር የምታውቅበት ጊዜ እንደደረሰ፣ ቤተሰቧ በጦርነቱ ከየትኛው ወገን እንደነበረ አባቷን እንድትጠይቅ ትነግራታለች። አና ያለ ፍርሃት ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቪክቶር በመኪናው ውስጥ ለልጁ የተመኘለትን ሁሉ አግኝታለች፤ የማታውቀው ግን ምን ቀርቶ እንደዚያ እንደሆነ ነው። የጃኒስ ቁጣ ለዚያ ለ1997ቱ ንግግር የተጻፈ መልስ ይመስለኛል። አልሞዶቫር ለራሱ ለመመለስ 24 ዓመት ፈጀበት።